የባለቤቴ ማህፀን በአጀንዳ ተራ ቁጥር አራት

ለተከበሩ ጓድ አርአያ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ፒያሳ

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የሰው ጓዳ ሲቆጣጠር የደከመው ዓይንዎ ጥቂት ዕረፍት እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። ሂስ ከታች ወደ ላይ ይምጣ ብለው ባስተማሩን መሠረት ይህን ደብዳቤ በራስዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ/ በመስከረሙ ስብሰባ፣ በስኳር እጥረትና በቦይ ጽዳት መካከል፣ የባለቤቴን የወይዘሮ ፈቲያን አለመውለድ በአጀንዳ ተራ ቁጥር አራት ስላስያዙልን እናመሰግናለን። በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ሁለት ፅንስ ወርዶብን ለእናቶቻችን እንኳ በወጉ ያልነገርነውን ገመና፣ ስልሳ ሰው ፊት ቆማ ግለሂስ እንድታደርግበት ጋበዟት። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ስትቀመጥ ጭብጨባውን የመሩት እርስዎ ነበሩ።

፪ኛ/ ሂሱ ግን አድራሻ ስቷል። አራት ኪሎ በሳይንስ ቤተ ሙከራ የምሠራ ሰው ነኝና ሐኪማችን ያስረዳንን ላካፍልዎ። በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ኃይል ማመንጫዎች አሉ። ምግብን በኦክስጅን አንድደው ጉልበት ሲሰጡን፣ እንደማንኛውም ምድጃ ጥቂት ጢስ ያወጣሉ፤ ጢሱ ሰውነት ጠርጎ ከሚጨርሰው በላይ ሲሆን ማመንጫውን ራሱን መልሶ ይበላዋል። ያን ጊዜ የወንዱ ዘር ጉልበት አጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የተፀነሰውም ሊጎዳ ይችላል። ጥናቱ ገና ጅምር ነው ብሎናል፤ ሲጋራ ግን ነገሩን ሳያባብሰው አይቀርም። ተመርምሮ ደካማ የተባለው የእኔ ዘር ነው፤ በቀን ሁለት ፓኮ የማጨሰውም እኔ ነበርኩ። ፈቲያ ያን ቀን ይህን ሁሉ እያወቀች ስሜን አላነሳችም። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

፫ኛ/ በስብሰባው ማግስት ሲጋራ አቆምኩ፤ ስለዚህ ከቀበሌያችን ስብሰባዎች ፍሬ ያፈራው ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፈቲያ አሁን ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ በጽሑፍ ቢያዝም፣ እርስዎ ሆዷ ሳይገፋ የሐኪም ወረቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ብለው በእሑዱ ዘመቻ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ድንጋይ እንድታመላልስ መድበዋታል። የቀደሙት ሁለቱም የሄዱብን በሦስተኛ ወራቸው ነው። የእሷን ድርሻ ደርቤ እኔ እሸከማለሁ፤ እሷን ግን ይተዉልኝ።

ምድጃዎ ሳይጠፋ፣ ጢሱም ሳይበዛብዎ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ በመመኘት፣ ግለሂሱን ስምንት ወር ዘግይቶ ያቀረበው የቀበሌዎ ነዋሪ፣

ኢስሃቅ ዘይኑዲን
ግንቦት ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ አልወለዱልኝም ብለው ያሰናበቷቸው የቀድሞ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሓዳስ ከአዲሱ ባለቤታቸው መንታ ተገላግለዋል። አልሰማሁም እንዳይሉ፣ ሁለቱ ሕፃናት በራሽን ካርዳቸው ላይ ሲጨመሩ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ሐኪማችን ማክሰኞና ሐሙስ ይገኛል፤ ወንዶችንም ይመረምራል።