የኡሙሃኒ ትንሽ ጣት

ጥቅምት 22

ልምምድ ነበር። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ገደሉ ሥር። ማሽላው ስለደረሰ ግሪሳ ወፍ አካባቢውን ሞልቶታል፤ የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ ሁሉም ባንዴ ተነሣ። አምስት ተኮስኩ። ሦስቱ ጥሩ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱን ባልጽፈው ይሻላል።

ለእያንዳንዳችን የተፈቀደው በሳምንት አሥር ጥይት ነው። አሥር ጥይት ምን ይሆናል? አሠልጣኛችን ኢንስፔክተር እንድሪስ ግን ተኩስ የሚለመደው ያለ ጥይት ነው ይላሉ። ትምህርቱ ቤት ውስጥ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት፣ በባዶ ሽጉጥ። ሜዳው ፈተና ብቻ።

ማጣሪያው ኅዳር 28 ነው። ከጣቢያችን ለደሴው የፖሊስ ውድድር የምትሄደው አንዲት ሴት ናት። የምንወዳደረው ደግሞ ሁለት፤ እኔና ኮንስታብል ኡሙሃኒ።

ጥቅምት 25

ግድግዳው ፊት ግማሽ ሰዓት። አፈሙዙ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ ቃታ መሳብ… ሳንቲሙ መውደቅ የለበትም። ከሃያው አሥራ አራት ጊዜ ቆመልኝ። ትከሻዬ ግን አመመኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም ለካ።

ባሌ ፍቅሩ ሚኒባሱን ከዋጃ መልሶ ሲገባ ሽጉጥ ግድግዳ ላይ ደቅኜ አገኘኝ። ቀለሙ ምን አደረገሽ አለኝ። ሳቅኩና ሳንቲሙ ወደቀ።

ጥቅምት 29

ኢንስፔክተሩ ለአንድ ወር ጎብዬ ተመደቡ። ከመሄዳቸው በፊት ሁለታችንን ጠርተው እስክመለስ እርስ በርስ ተያዩ አሉን። አንዷ ስትተኩስ ሌላዋ እጇን ትመልከት፤ ያየችውን ትንገራት። በተለይ የዱዳውን ልምምድ እንዳትተዉ ብለው አጠበቁ።

ዱዳ የምንለው ባሩድ የሌለውን ጥይት ነው። ጓደኛሽ የሽጉጥሽን ካዝና ስትሞላ ከደህናዎቹ መሐል አንድ ዱዳ ትደብቃለች። የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ዱዳው ላይ ቃታ ስትስቢ ጩኸት የለም፣ ንቅናቄ የለም። እጅሽ ያጠፋው ጥፋት ራቁቱን ይቀራል።

ኅዳር 3

የማልወደው ነገር አደረግሁ ዛሬ። ልጻፈው።

የኡሙሃኒን ካዝና ሞላሁ። ዱዳውን አራተኛ አደረግሁት። ሦስቱን ተኮሰች፤ ሦስቱም ወደ ግራ፣ ወደ ታች። አራተኛው ላይ… ቀጭ። አፈሙዙ ወደ ታች ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ አየሁት። ቃታውን በምትስብበት ጊዜ ትንሿ ጣቷ አብራ ትጨመቃለች። በቃ፣ ሌላ ምንም ጥፋት የለባትም። አቋቋሟ፣ ትንፋሿ፣ ዓይኗ ከእኔ ይሻላል። ያቺ ጣት ብትላቀቅ…

ዞር አለችና፣ "እትዬ አስረሳሽ፣ ምኔ ላይ ነው ጥፋቱ?" አለችኝ።

"ምንም አላየሁም" አልኳት።

ለምን? አፌ ቀደመኝ ልበል? አይደለም። አስቤበት ነው ያልኳት።

ኅዳር 4

ለፍቅሩ ነገርኩት። አሠልጣኟ አንቺ አይደለሽ፣ ኢንስፔክተሩ ሲመለሱ ያርሟታል አለኝ። የሚመለሱት ማጣሪያው ሰሞን መሆኑን ያውቃል። እኔን ለማሳረፍ ብሎ ነው።

ይህን ውድድር አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። መጀመሪያ ልጄን ሕይወትን አርግዤ ነበር። ቀጥሎ ሌላ ሰው ተመረጠ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ውድድር የሚባል ነገርም ቀረ። አሁን ደግሞ የፊት ማነጣጠሪያው እየደበዘዘብኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ከዘንድሮ በኋላ ዓይኔ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም። እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ገና ስንት ማጣሪያ አላት…

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለማን ነው? እኔን ለማሳመን መሆን አለበት።

ኅዳር 7

ዛሬም አምስት ተኮሰች። ዛሬም ግራ፣ ታች። አልነገርኳትም።

ኅዳር 10

ዛሬ ካዝናዬን እሷ ሞላች። አንደኛው ዱዳ ሆነ፤ እጄ አልነቃነቀም። ደስ ሊለኝ ሲል ኡሙሃኒ አጠገቤ መጣች። ቅር እንዳልሰኝ አስቀድማ ይቅርታ ጠየቀችኝና፣ አነጣጥሬ ብዙ እንደምቆይ ነገረችኝ። በልቧ ስትቆጥር አሥራ አንድ ደርሳለች። ክንዴ ደክሞ ሲንቀጠቀጥ ነው ቃታውን የምስበው።

"አምስት ካለፈ አውርጂውና ትንፋሽ ወስደሽ እንደገና ጀምሪ፤ ወላሂ ዓይንሽም ያርፋል" አለችኝ።

ዓይኔን እንዴት አወቀችብኝ?

እንዳለችኝ አደረግሁ። የቀሩት አራቱ ጥይቶች በአንድ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ ገቡ። እንዲህ ተኩሼ አላውቅም። እሷ ከእኔ በላይ ተደሰተች። ከዚያ የራሷን አምስት ተኮሰች፤ አሁንም ግራ፣ ታች። ቀለሆቹን ስንለቅም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ኅዳር 12

ነገርኳት።

ዛሬ የጥይት ቀን አልነበረም። በሻይ ሰዓት ከመዝገብ ክፍል ጠራኋትና በባዶ ሽጉጥ ግድግዳው ፊት አቆምኳት። ትንሿን ጣቷን ይዤ እስኪ ሳቢ አልኳት። ጣቷ እጄ ውስጥ ተጨመቀች። ራሷም ተሰማት።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

ከዚያ ትንሿን ጣት ከእጀታው ላይ አንሥታ፣ በሌሎቹ ብቻ ይዛ፣ ሠላሳ ጊዜ ሳበች። ቀጥላ መልሳ አሳረፈቻትና እንደገና ሠላሳ። ሳንቲሙ አልወደቀም። ዛሬ ገና ያየሁላት መሰላት። አላህ ይስጥሽ አለችኝ። ሳንቲሙን ኪሴ ከተትኩ።

ኅዳር 17

አምስቱም መሐል። አምስቱም።

ኅዳር 28

ማጣሪያ። ኢንስፔክተሩ ትናንት ተመለሱ። ሃያ ጥይት፣ ከሁለት መቶ ነጥብ።

እኔ አንድ መቶ ሰባ አንድ። በሕይወቴ ትልቁ ነው። ሰባት ጊዜ አነጣጥሬ አውርጃለሁ፤ እንደመከረችኝ። እሷ አንድ መቶ ሰባ ሦስት።

ሁለት ነጥብ።

እጄን ዘርግቼ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። እውነቴን ነው ያልኳት። ሽንፈቱንስ እችለው ነበር፤ ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። ኢንስፔክተሩ እንዴት እንዲህ ተሻሻልሽ ብለው ሲጠይቋት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እትዬ አስረሳሽ ናት ያረመችኝ፤ እንዳየች ነገረችኝ" አለች።

እንዳየች…

ሰዉ አጨበጨበልኝ። ፍቅሩም ከኋላ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። እውነቱን የሚያውቀው እሱ እንኳ።

ታኅሣሥ 2

አራት ቀን ቻልኩት። ዛሬ ከሥራ ስንወጣ ባጃጅ መያዣው ጋ ደረስኩባትና ትንሽ እንራመድ አልኳት። በማሽላው ዳር ባለው መንገድ ሄድን። ገበሬዎቹ አጨዳ ላይ ናቸው። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ስለ አጨዳው አወራሁ፣ ስለ ሙቀቱ አወራሁ። መጨረሻ ላይ ነገሩን አወጣሁት። ጣቷን ያየሁት በኅዳር ሦስት እንደሆነ። ሆን ብዬ ዝም እንዳልኩ።

ቆመች።

"ስጠይቅሽ አይተሽ ነበር?"

"አይቼ ነበር።"

ጣቶቿን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጥር ስትቆጥር ነበር ለካ።

"አሥር ጥይት ሜዳ ላይ በተንኩ" አለች። "ማታ ማታ ዓይኔን ላስመረምር ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ተኩስ አልተፈጠረልኝም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።"

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ቦታውን እንዳላጣ ፈርቼ ነው አልኳት። ሰማሁ አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያገኘነው ባጃጅ ላይ ብቻዋን ተሳፈረች። እኔ በእግሬ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 5

ጣቢያ ውስጥ ሰላምታ አለ፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ምሳ ሌላ ቦታ በላች።

ታኅሣሥ 9

ኡሙሃኒ ዛሬ ጠዋት ወደ ደሴ ሄደች፤ ከውድድሩ በፊት ሁለት ሳምንት ልምምድ አላቸው። ሳትሰናበተኝ። ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። መብቷ ነው። ለፍቅሩ ስነግረው ባትነግሪያት ኖሮ ጓደኛሽ ሆና ትቀር ነበር አለኝ። አስቤ አስቤ… ጓደኛዋ የምትሆነው የትኛዋ አስረሳሽ ነበረች? ያቺ እንዳየች የነገረቻት ናት። እኔ አይደለሁም።

ታኅሣሥ 14

ኢንስፔክተሩ በሚቀጥለው ዓመት አብሬያቸው እንዳሠለጥን ጠየቁኝ። ያኔ ለእሳቸውም ሁሉን ነገርኳቸው። "አሁን ነገርሽኝ፤ ጥያቄዬ ግን እንዳለ ነው" አሉ። አስብበታለሁ አልኩ።

ታኅሣሥ 17

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው በር ላይ ተረኛ ነበርኩ። ስልኬ ነቃ አለ። ቴሌግራም። ኡሙሃኒ።

ሰላምታ የለም። ቪዲዮ ብቻ፣ አርባ ሰከንድ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ፊት ቆማ በባዶ ሽጉጥ ቃታ ትስባለች። ቪዲዮውን ማን እንዳነሣላት አላውቅም። ሥሩ ላይ አንድ መስመር ጽፋለች፤ "ከትናንት ጀምሮ ወደ ቀኝ እየሄደብኝ ነው።"

ሦስት ጊዜ አየሁት። ጣቷ ደህና ናት። አንገቷ ግን ወደ ሽጉጡ ተሰብሯል፤ የቀኝ እግሯም ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል። ውድድሩ ስድስት ቀን ነው የቀረው።

ወንበሬ ላይ እንኳ ሳልቀመጥ፣ እዚያው በር ላይ ቆሜ፣ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩላት።