ክር የሌለው ስፌት

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ምግብሽን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ አሁንም በቁምሽ ነው የምትጎርሺው? እኛ ደኅና ነን። ይህን «ደኅና ነን» ዛሬ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አልጻፍኩትም፤ ከሐኪም አፍ የሰማሁት ነውና አምነሽ አንብቢው።

ባለፈው ደብዳቤሽ በመሥሪያ ቤታችሁ ሲጋራ መከልከሉን ጽፈሽ፣ «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትከለክያለሽ?» ብለሽኛል። መልሱን ታውቂዋለሽ። አባትሽን ስከለክለው አንቺ ገና ጥርስ አላወጣሽም ነበር። በዚህ ጣሪያ ሥር አይጨስም፤ አለቀ። እሱም «እሺ፣ እመቤቴ» ብሎ ተቀበለ። ደጅ ማጨሱን ግን አላጣሁትም። ከስፌት ክፍሉ ደንበኛ ልሸኝ ብሎ ይወጣና ከረሜላ እየመጠጠ ይመለሳል። በዚህ ዕድሜ ከረሜላ የሚያምረው ሽማግሌ የት አለ? ቤት ውስጥ እስካልሆነ ድረስ ብዬ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት።

ነገሩ የወጣው በስፌት መኪናው ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ መዋል ጀመረ። እኔም ከግድግዳው ማዶ ሆኜ፣ እሰይ፣ ሥራ በዛለት እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው ሚስት ሳይቀር ጉራዬን ነዛሁባት። እሷ ደግሞ «ታዲያ ደንበኞቹ በየት ነው የሚገቡት? በመስኮት?» ብላ አፌዘችብኝ። ተናድጄ ገባሁ፤ ነገሯ ግን ከነከነኝ። ክር የምገዛለት እኔ ነኝ፤ ክሩ ደግሞ አላለቀም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲጮህ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። አባትሽ መኪናው ላይ ተደፍቶ፣ ቁራጭ ጨርቅ አፉ ላይ ይዞ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ይስላል። እግሩ መርገጫውን ይረግጣል፤ መርፌው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ክር ግን አልገባበትም። ከሥሩ ያለው ጨርቅ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ መኪናውን የሚያስጮኸው ሳሉን እንዳልሰማበት ኖሯል! አፉ ላይ የያዘውን ጨርቅ ቀማሁት። ደም ነክቶታል።

ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ «ሳል ካልኩሽ ሲጋራ ነው ትያለሽ፤ ሲጋራ ከተባለ ደግሞ ከልክዬህ አልነበር ወይ ትያለሽ። ከሳሉ ይልቅ አንቺን ፈራሁ» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እንሰማለን፤ ከማን እንደሚደብቀው ግን ማንም አይጠይቅም። እኔም ያን ዕለት አልተቆጣሁም። ኮቱን አልብሼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ግን ነገር አታድበሰብስም። ሳንባውን ፎቶ አነሳችው፤ በመሣሪያም ውስጡን አየች፤ ከዚያ ውጤት ጠብቁ አለችን። ያ ጥበቃ ለጠላትም አይስጥ። አባትሽ ልብሱን ማከፋፈል ጀምሮ «ያን ሰማያዊ ኮት ለወንድሜ እንዳትሰጪው፤ ትከሻው አይሞላውም» ይለኛል። አፍህን ዝጋ እለዋለሁ፤ ዞር ብዬ አለቅሳለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጠርታን፣ ካንሰር አይደለም አለች። የአየር ቧንቧው በጭስ ብዛት ተቆጥቶ ቆስሏል፤ በመድኃኒት ይሽራል፤ ሲጋራው ካልቆመ ግን ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ አልነግራችሁም አለች። ደረቴ ላይ የተጫነ ወፍጮ የተነሳልኝ ያህል ተነፈስኩ። አባትሽ ደግሞ ነፍሱ መለስ ከማለቷ «ከምግብ በኋላ አንዲት ብቻስ?» ብሎ ጠየቀ! «አባቴ፣ እዚህ ያመጣችዎት እኮ ያቺ አንዲት ብቻ የሚሏት ናት» አለችው። ወደድኳት።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስ። ይከልከል። በመሥሪያ ቤት፣ በአውቶቡስ፣ ሕፃን ባለበት ሁሉ ይከልከል፤ ሰው የሌላውን ጭስ የሚውጥበት ምክንያት የለም። ከየሱቁ ቢጠፋም እንባ አላፈስም። ግን ጭሱን የከለከለ ሰው ሳሉን አብሮ እንዳይከለክል ይጠንቀቅ። በቤታችን ሕጉ አልተሻረም፤ አንድ አንቀጽ ተጨመረበት እንጂ፦ ያመመው ይናገራል፤ የተናገረውን አልቆጣም። አባትሽ «በጽሑፍ ስጪኝ» ብሎ አሾፈብኝ። በጽሑፍ የሰጠሁት ግን ላንቺ ነው።

ጠዋት ጠዋት ያስላታል ያልሽኝን የመሥሪያ ቤት ጓደኛሽን ነገር ለሐኪሟ አንስቼላት፣ ሳይውል ሳያድር ትታይ አለች። ለእረፍት በምትመጪበት ሳምንት ቀጠሮ አስይዣለሁ። መዝጋቢዋ ስም ስትጠይቀኝ፣ የጓደኛሽን ስላልጻፍሽልኝ ያንቺን ሰጠኋት። ለአባትሽ ምንም አላልኩትም።

ፈጣሪ ትንፋሽሽን ያርዝምልኝ፤ መንገድሽን ያቅናልኝ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

የማትቆጣሽ እናትሽ