ለጎረቤቴ የተነገረው አራት ሚሊ ሜትር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። የጠዋቱ ሽያጭ፦ መጋረጃ ሁለት፣ ሻርፕ ሦስት። ዋጋ ጠይቀው የሄዱ ስድስት። አራተኛውን ሻርፕ ጠባሳዬ ላይ ጠምጥሜዋለሁ።

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፤

እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለእርስዎ፣ ለሠራተኞችዎና በተለይም ለቢሮዎ ስልክ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ስልኩ እንደሚሠራ ያወቅኩት ለእኔ ባይደወልበትም ለጎረቤቴ ስለተደወለበት ነው።

1. ከሦስት ወር በፊት ሐኪምዎ የእንቅርቴን የቀኝ ግማሽ አወጡልኝ፤ ስፌታቸውን እንደ ጨርቅ ነጋዴ መርምሬ እንከን አላገኘሁበትም። ስገባ የተሰጠኝ ቅጽ ግን «የቅርብ ዘመድ» የሚል መስመር ነበረው። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ልጅም የለኝ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ከሱቄ አጠገብ ጫማ የሚሸጠውን ሰውዬ ጻፍኩ፤ ጠረጴዛህን ከደጃፌ ላይ አንሳ ለማለት በየሳምንቱ ስለምደውልለት ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

2. ከወጣው እንቅርት ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ትንሽ ካንሰር ሲገኝ፣ እኔ እንዳልደነግጥ ተጨንቃችሁ ለዚህ ሰው መንገራችሁ የሚያስመሰግን ርኅራኄ ነው። ቀስ ብለህ ንገራት ስላላችሁት እሱም ቃላችሁን አክብሮ ሁለት ወር ተኩል ቀስ አለ። ጠረጴዛውን አነሳ፤ ደንበኛ ቀማሽኝ ማለቱን ተወ፤ ጠዋት ስመጣ ቁልፌን ተቀብሎ የሱቄን መዝጊያ ይከፍትልኝ ጀመር። አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር የተጨቃጨቀ ሰው በድንገት ደግ ሲሆንብኝ ነገሩ አላማረኝም። ባለፈው ሐሙስ አፋጥጬ ጠየቅኩት፤ እያለቀሰ ነገረኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለእኔ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነውና ለዚህም ላመሰግንዎ ይገባል።

3. ዓርብ ራሴ መጣሁ። ሐኪሙ ካንሰሩ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን፣ ከእጢው አልፎ አለመውጣቱን፣ ሙሉ በሙሉ መቆረጡን፣ በእኔ ሁኔታ ሌላ ቀዶ ጥገናም ሆነ የጨረር ሕክምና ሳያስፈልግ በአልትራሳውንድ መከታተል እንደሚበቃ በስድስት ደቂቃ አስረዱኝ። ሱቄ ተመልሼ በሜትሬ ለካሁት፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል። ይህን ስድስት ደቂቃ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ሳይበላሽ ስላቆያችሁልኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

ከእንግዲህ ስለ አንገቴ የሚባል ነገር ካለ፣ ለአንገቱ ባለቤት ብትነግሩልኝ ድንጋጤውን እኔው እችለዋለሁ።

ከእኔ አስቀድሞ ለእኔ ለሚያዝነው መሥሪያ ቤትዎ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ፤
የጨርቅ ነጋዴዋ

ማስታወሻ፦ ሐኪሙ ያሉትን ለጎረቤቴ የነገርኩት ዕለቱን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ደጃፌ ላይ ተመልሶ ነበር፤ መዝጊያውንም ራሴ ከፈትኩ። እንዲህ ያለውን ደግ ዜና እንኳ ቀስ ብላችሁ ብትነግሩ ይሻላል።

ነገ፦ ሦስት ሰዓት፣ የግራው ግማሽ አልትራሳውንድ። ስክሪብቶ መያዝ። «የቅርብ ዘመድ» የሚለው ላይ የራሴን ስልክ መጻፍ።