የልጄ ትሎች

ጥቅምት 6

ሦስት ኮሌታ ሰፋሁ። ቀጭኗ መጣች፤ የልጄ የቤተ ሙከራ ባልደረባ፣ ቅጽል ስሙንም ያወጣችላት ልጄ ናት። ልጄ ስትሞት ቤተ ሙከራው የቀረ ዕቃዋን፣ ሌላ ሰው ያሸገውን ካርቶን አምጥታ ሄደች። ሹራብ፣ ኩባያ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ክብ ሳህን። ውስጡ እንደ ሙጫ የረጋ ነገር... መስኮቱ ላይ አኖርኩት። የእሷ የሆነ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም።

ጥቅምት 19

ቀጭኗ ልትጠይቀኝ መጥታ መስኮቱን ስታይ ክው አለች። "እማማ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

ለካ ትሎች አሉበት፤ ከነጥብ ያነሱ። ልጄ ራሷ ያዳቀለቻቸው፣ ሌላ ቦታ የሌሉ። ምግባቸው አልቋል። ገደልኳቸው?

"ሲርባቸው ማደግ አቁመው ይጠብቃሉ። ግን ለዘላለም አይደለም።"

ልትወስደው ስትል ሳህኑን ያዝኩባት።

"እዚህ ከቀሩ ይሞታሉ፣ እማማ።"

ለቀቅኩላት። ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። ቤተ ሙከራው ውስጥ የረጋውን ቆርሳ፣ ባክቴሪያ የተቀባ አዲስ ሳህን ላይ ደፋችው። ምግባቸው እሱ ነው አሉ። ምን ዓይነት ቀለብ ነው?

ጥቅምት 20

ደግሞ ሄድኩ። ልጄ ምን ትፈልግባቸው ነበር?

"እኛ ሰዎች ዘንድ ዘረ መል ባብዛኛው ለየብቻው ነው የሚገለበጠው። ትሎቹ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ተደርድረው በአንድ ረጅም ቅጂ አብረው የሚወጡ አሉ። ኋላ ይቆራረጣል፤ ለየቁራጩም መነሻው ላይ ጫፍ ይቀጠልለታል።"

"እንዳይተረተር?"

ሳቀች። "እንደዚያ በይው።" አንቺ ማለቷን ሰምታ አፈረች። ደስ አለኝ።

እኔም ኮሌታ ስሰፋ ክር ሳልቆርጥ አከታትላለሁ፤ ኋላ በመቀስ እለያያለሁ። ማሽኑን አንዴ ማስነሳት ይበቃል። ይህን ብነግራት "ልጅሽም የጠረጠረችው ይህንኑ ነው" አለችኝ። ከረሃብ ሲነቁ ጉልበት የላቸውም፤ አንዴ ተነሥቶ ብዙ መገልበጥ ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

እውነት ይሆን? ልጄ አልጨረሰችውም።

ጥቅምት 21

ማጉያ መነጽሩን አስተካከለችልኝ። ምንም... ምንም... ከዚያ አንዱ ተጥመለመለ። ሌላውም።

"ወፈር ብለዋል" አለች ቀጭኗ።

"ካንቺ ይሻላሉ።"

ኅዳር 4

ትሎቹ ተባዝተዋል። ግማሾቹ ሳይሞቱ እንዲቆዩ በረዶ ውስጥ ገቡ። ሩቅ ያለ አንድ ተመራማሪ የልጄን ጥያቄ ልቀጥል ብሎ ትሎቹን ጠይቋል። ቀጭኗ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ገባኝ፤ ያን ቀን ሳህኑን እንዴት እንደያዝኩባት አልረሳችም።

"ላኪለት" አልኳት።

ልትጽፍለት ኮምፒውተሯን ከፈተች።

"እንዳያስርባቸው ብቻ። ያገኘውንም ይንገረን፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።"