የክፍልሽ ግድግዳ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችላ ብለሽዋል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት መች አውቅበታለሁ።

ከክረምቱ ወዲህ እማዬን ሳል አልለቃት አለ። ሐኪሙ ቤታችሁ ሻጋታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ እንጂ! በአልጋዋ ራስጌ በኩል ያለው ግድግዳ ጠቁሯል። እሱን ካላስወገዳችሁ ከዚያ ቤት ትውጣ አለኝ ቁርጥ አድርጎ። እማዬ ደግሞ ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው አለች። መቼም ታውቂያታለሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሻጋታው ላይ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁበት። የመጀመሪያው ባለሙያ ተብዬም በር ላይ ቆሞ አየና ሌላ ቀለም ደርቦበት ሄደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብሶበት ብቅ አለ።

በኋላ ሻጋታ የምታጸዳ አንዲት ሴት ጠቆሙኝ። እህቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም! ቁመቷ ትከሻዬ ጋ አይደርስም፤ ሥራዋ ግን ሌላ ነው። መርጫዋንና ብሩሿን ደጅ አስቀምጣ ባዶ እጇን ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። ጣሪያ ላይ ወጣች፤ አያፈስም። ቱቦ ፈለገች፤ በዚያ በኩል የለም። ከዚያ፣ ከግድግዳው ጀርባ ምን አለ ብላ ጠየቀች።

እማዬ ምንም የለም፣ ዕቃ ቤት ነው አለች። የምን ዕቃ ቤት! ያ ግድግዳ ካንቺ ክፍል ጋር የሚያዋስነው ነው። ከእማዬ ጋር ተጣልታችሁ ከወጣሽ ጀምሮ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፣ ስምሽ እዚህ ቤት አይነሳም፤ የክፍልሽም ቁልፍ ከእማዬ አንገት ወርዶ አያውቅም።

እኔ ብሆን በሩን እገነጥለው ነበር። ሴትዮዋ ግን እማዬ እግር ሥር ቁጭ አለችና፣ እናቴ፣ ያላየሁትን አጸዳሁ ካልኩ ዋሸሁዎት ማለት ነው አለቻት። ከዚያ ጠበቀች። ሻይ ቀረበላት፣ ጠጣች፣ አሁንም ጠበቀች። እማዬን በዝምታ የረታ ሰው የዚያን ቀን አየሁ። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት።

አንቺ፣ ጉድ ነው ያየሁት! ክፍሉ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ያንቺ ልብሶች ናቸው፤ ያ አረንጓዴ ሹራብሽ፣ የሥራ ቀሚስሽ፣ ሁሉም ገና እርጥብ ናቸው። ለካ እማዬ እኔ ሥራ ስሄድ በየሳምንቱ ስታጥባቸው ኖራለች! ውጭ እንዳታሰጣቸው ሰው ያያል፤ መስኮቱን እንዳትከፍት ሰው ያያል። ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ማጠብዎ ጥሩ ነው እናቴ፣ ጥፋቱ መስኮቱን መዝጋትዎ ነው አለቻት። እንዴት ያለች አንጀት አርስ መሰለችሽ!

አራት ቀን ሠራች። ማስኳን አጥልቃ የሻገተውን ልስን ፈቅፍቃ አወረደች፣ መድኃኒት ረጨች፣ መስኮቱን ቧ አድርጋ ከፈተች። ቀለም ገና ነው፣ ማንም እንዳይነካው አለች፣ እኔን ሰረቅ አድርጋ እያየች። ልብሶቹንም ፀሐይ ላይ ያውጧቸው ብላ እማዬን አዘዘቻትና ደጃችን ላይ ተሰጡ። ያቺ ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችን ወዲያው ደርሳ የማን ልብስ ነው አለች። እማዬ ቀና ብላ፣ የልጄ ነው፣ የማን ይሆናል አለቻት።

አሁን ሳሏ ቀንሶላታል፤ ሐኪሙም ከቤት ትውጣ ማለቱን ትቷል። ሴትዮዋ ስትሰናበተን፣ ያንቺ ክፍል ደርቆ ሰው ሊተኛበት የሚችለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው አለች። እማዬ ቀኑን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ምነው አንተ፣ ሰሞኑን ደብዳቤ አትጽፍም እንዴ አለችኝ። እኔ እኮ እስከ ዛሬ በድብቅ የምጽፍልሽ መስሎኝ ነበር።

ጤናውን ይስጥሽ፤ መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ