ብቻውን የመጣ የማይሳፈርበት የካውቦይ ባቡር

ለተከበሩ የመዝናኛ ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ ሚልኪያስ
ሐረር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ ሮለር ኮስተርዎ ሐዲድ የጠበቀ፣ ቤትዎም በሰላም የሰነበተ እንዲሆን አላህን እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ምናልባት ከረሱኝ፣ ነጂባ ነኝ፤ ዐምና በሥነ ሕንፃ ተመርቄ፣ ያንን ከውጭ አገልግሎ የመጣ ሐዲድ የካውቦይ ከተማ እንዳስመስለው ለስድስት ወር የቀጠሩኝ ልጅ።

በቅድሚያ ሥራዬን ስላረሙልኝ ላመስግንዎ።

፩ኛ፦ በካውቦዮቹ መጠጥ ቤት ግድግዳ ሥር የተውኩትን ቀዳዳ፣ አይጥ እንዳይገባ ብለው በሲሚንቶ አስደፍነዋል። በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለ የሚያውቅ የሐረር ልጅ፣ ጋሪው ሲያልፍ አይቶት እንዲስቅ ነበር ያበጀሁት። ካውቦዮቹ እንግዲህ ያለ ስጋት ይተኛሉ።

፪ኛ፦ ከካውቦዮቹ ፖሊስ አዛዥ በር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አስቀምጬ ነበር። በሐረሪ ቤት በር ላይ እንዲህ ያለ ምንጣፍ ሲታይ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ የሚወርደውም ስትዳር ነው። እርስዎ ግን አቧራ ይይዛል ብለው አስወርደው ቢሮዎ ውስጥ አስነጠፉት። ልጅቷን ሽማግሌ ሳይላክ ዳሯት፤ መብሩክ።

፫ኛ፦ እነዚህስ ይሁኑ። ጋሪው ጫፍ ላይ ደርሶ ከመውረዱ በፊት ለሦስት ሰከንድ ቀስ እንዲል ከመካኒኩ ጋር ስንት ቀን ተጨቃጭቀን ያስተካከልነው፣ የተሳፈረው ሰው በካውቦይ ከተማው የእንጨት የውኃ ማማ እግሮች መካከል ጀጎልን ከነሚናራዎቹ እንዲያይ ብዬ ነው። እኔ በወረቀት ላይ አሰላሁት እንጂ አላየሁትም፤ እርስዎ «ለሚዛን ሲባል በአንድ ጋሪ ሁለት ሰው» የሚል መመሪያ አውጥተዋልና። አራት ቅዳሜ ተሰለፍኩ። ትኬት ቆራጩ ዓሊዪ አራቱንም ጊዜ፣ «አቦ እህቴ፣ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ ብዬሽ የለ? ሐረር ሙሉ ሰው አይደል እንዴ!» እያለ መለሰኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ በአራተኛው ቅዳሜ ውኃ ገዝቶ ሰጠኝ።

ግን ማንን ልያዝ? ሙና ድሬዳዋ ሥራ አገኘች፣ ሩቂያ አግብታ ጅግጅጋ ገባች፣ የቀሩት የክፍሌ ልጆች አዲስ አበባ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ ባጃጅ ሲታጠፍ እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሸዋ በር ሚኒባስ የምትጠብቅ አንዲት የማላውቃት ልጅ «ሮለር ኮስተር ትወጃለሽ?» ብዬ ብጠይቃት ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ሄደች።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ ከሐዲዱ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ ጋሪው አንድ ሰው ብቻ ቢይዝም ምንም እንደማይሆን በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ዙር ብቻ ነው።

ውሳኔዎን በትዕግሥት፣ ማለትም ቅዳሜ ቅዳሜ በሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ የምትጠባበቅ፣
አክባሪዎና የቀድሞ ሠራተኛዎ
ነጂባ

ማስታወሻ፦ ማዕከሉ የተመረቀ ዕለት እርስዎ በፊተኛው ጋሪ ብቻዎን ሦስት ጊዜ ዞረዋል፤ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከጎንዎ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ጋሪው አልተገለበጠም፤ ሰው ይዘው ይምጡ ያለዎትም አልነበረም።