አባባ፣ እጥበቱና የተሻረው ግብር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ ታከር፣ ክሊኒክ
ዛሬም የኩላሊት እጥበት። አባባ ከማሽኑ ጋር ተያይዘዋል፤ እኔ አጠገባቸው ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ የመ/ቤት ሥራ። ደቡብ አፍሪካ ስለነበራት «የኩባንያዎች ሁለተኛ ግብር» ታሪክ ነው። ኩባንያው በትርፉ ላይ አንዴ ይከፍላል፤ ትርፉን ለባለአክሲዮኖች ሲያከፋፍል ደግሞ ሁለተኛ። በ1993 ተጣለ፣ በ2012 ተሻረ፣ እ.ኤ.አ.።
ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። የግብር ቃላት በሚያጥሩት አማርኛዬ አስረዳሁ። ያላከፋፈለ ሁለተኛውን አይከፍልም ማለት ነው? አሉ። አይከፍልም፤ ትርፉን እዚያው ሥራ ላይ እንዲያውል ተብሎ ነው አልኩ። ለሞተ ግብር ደመወዝ የሚከፈልሽ አንቺ ብቻ ነሽ ብለው ሳቁ። ከሳቁ ቆይተዋል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
አለቃዬ ጽሑፉ ረዝሟል፣ ካት አድርጊው አለች። እሺ።
አባባ በጣም በረዳቸው። ብርድ ልብስ ደረብኩ፤ አልሞቃቸውም። እጃቸውን ያዝኩ። ሃያ ዓመት የታክሲ መሪ የያዘ እጅ፣ አሁን ቆዳና መርፌ የወጋው እብጠት ብቻ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13
ፓርክ አድርጌ በሩን ልከፍትላቸው ዞርኩ። ቀበቷቸውን አልፈቱም።
«ነኢማ፣ ከእንግዲህ ይብቃኝ» አሉ።
ያልሰማሁ መሰልኩ። ዊልቸሩን አመጣሁ። እንዳያሳፍሩኝ ብለው ነው መሰል ተቀመጡበት። ውስጥ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18፣ ስኮትዴል፣ ቤት
ወንድሜ ከማል ከሚኖርበት ከማሪዬታ መጣ። አባባ ያሉትን ነገርኩት። ኖ አለ። የኩላሊት ሐኪሟ ካቆሙ የሚቆዩት ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ነው ብላለች አልኩት። ኖ። ማመላለስ ደክሞሽ ነው አለኝ።
ደክሞኛል፣ ማስታወሻዬ። እውነት ነው። ግን ለዚያ አይደለም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ።
ከዚያ አባባ ከመኝታ ቤት ጠሩት። በሩ ተዘጋ። ሲወጣ አላየኝም፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። በመስኮት አየሁት። መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19
የመጨረሻውን ክፍል ጨረስኩ። ግብሩ ከኩባንያው ላይ ተነሣ፤ በምትኩ ድርሻውን በሚቀበለው ሰው ላይ ሌላ ተጣለ፤ ኩባንያው ቆርጦ ያስቀራል። አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ የቀረው ይኸው አንቀጽ።
ዙህር ሰግደው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንብቢልኝ አሉ። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ማን ሻረው? አሉ። ያወጣችው አገር ራሷ።
ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ስነሣ፦
«እጥበቱን ልጀምር ያልኩትም እኔ ነበርኩ» አሉ። «ለእናንተ ስል ነው የጀመርኩት። በጎ አደረግን፣ ያየሁትን አየሁ። አሁን ደግሞ ፍቀዱልኝ።»
እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ፈቅጄልዎታለሁ ማለት አቃተኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ገባቸው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20፣ ጠዋት
የምንወጣበት ሰዓት አለፈ። ኮቴን ለብሼ ቆሜያለሁ፤ ለምን እንደለበስኩ አላውቅም። አባባ ተኝተዋል፤ ፊታቸው ፈታ ብሏል።
ከማል ደወለ። ብዙ አላወራም። ሥራ እንደማይገባ፣ ልብሱን ይዞ እየመጣ መሆኑን ብቻ ነገረኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። አብረን እናስታምማቸዋለን።
ክሊኒኩ ደወልኩ። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ድምፄን ታውቀዋለች፤ ቀጠሮ ላዛውር ወይ አለችኝ። አይ። ዛሬም አንመጣም፣ ረቡዕም፣ ከዚያ በኋላም አልኳት። አንቺስ እንዴት ነሽ አለችኝ።
መልስ ልሰጣት ስል አባባ ነቁ። እየጠሩኝ ነው፤ ውሃ ልውሰድላቸው።